የተዳፋት ሥልጠናችን ከውሃው ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጋዜጣችሁ የማስታወቂያ ገጽ ላይ ለሲቪል መሐንዲሶች፣ ለጂኦሎጂስቶችና ለመስኖ ሥራ ባለሙያዎች ስለሚሰጥ የአምስት ቀን ሥልጠና አነበብሁ። ርዕሱ «የተዳፋት መረጋጋትና የውሃ ስርገት ትንተና ዘዴዎች» ይላል። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ በአፈር ላቦራቶሪና በመንገድ ሥራ ቁጥጥር ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገልሁ ሰው ስለሆንሁ ማስታወቂያው ደስም አሰኘኝ፣ አሳሰበኝም። ደስ ያሰኘኝ ለዚህ ሙያ ገንዘብና ጊዜ የሚመድብ አካል መገኘቱ ነው። ያሳሰበኝ ደግሞ ከርዕሱ ሥር የተዘረዘረው የየዕለቱ መርሐ ግብር ነው፤ ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ላይ እኔ ራሴ ከተካፈልሁበት ሥልጠና ጋር ቁርጥ አንድ ነበር። ያ ሥልጠና ምን እንደጎደለው ሳልናገር ቀጣዩ እንዲያልፍ ስላልፈለግሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

አንባቢ ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ እንዳይመስለው ስለ ከተማችን አቀማመጥ ጥቂት ልበል። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከእግራችን በታች ያለው መሬት በብዙ ቦታ ጽኑ አለት አይደለም፤ ከተራራው ለዘመናት ተንከባሎ የወረደ ድንጋይ፣ ያረጀ ባዛልትና የሸክላ አፈር የተደባለቀበት ክምር ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ሐረጎን ሲወርድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ክረምት ሲገባ የላይኛው ግራ ቀኝ ተዳፋት እንዴት እንደሚያዥ፣ አስፋልቱም በየዓመቱ በአንድ ወገን እየሰመጠ እንዴት እንደሚጠገን አይቷል። በዚያ ላይ ወሎ ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መሬቱን አርሶ ሳይደርቅለት ሐምሌና ነሐሴ ይመጣሉ። በገራዶና በጦሳ ግርጌ ያሉ ሽማግሌዎች «መሬቱ ይሄዳል» የሚሉት ለተረት አይደለም። ባሕር ዛፉ ሲያዘም፣ የቤቱ በር አልዘጋ ሲል፣ ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ሲወጣ አይተው ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልመለስ። የተካሄደው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ለምን ሰኔ መጨረሻ እንደሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም፤ በጀት የሚዘጋበት ወር ነው። ተሳታፊዎቹ ከሠላሳ እንበልጥ ነበር። አሠልጣኙ ትምህርቱን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ስለነበር የምለው ሁሉ እርሱን አይመለከትም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለመክፈቻ ንግግርና ለመተዋወቅ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ በየላፕቶፑ ላይ ተጫነ። ፈቃድ ያለው ኮፒ አልነበረም። ይህም ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ጠቅሼው ብቻ አልፋለሁ። ቀሪዎቹ አራት ቀናት የተዳፋቱን ቅርጽ በመሳል፣ የአፈሩን ቁጥሮች በማስገባትና ፕሮግራሙ የሚሰጠውን ውጤት በማንበብ አለቁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ፕሮግራሙ ላይ በተዳፋቱ ውስጥ ያለው የውሃ ወለል በሰማያዊ መስመር ይሳላል፤ ይህንም መስመር ሁላችንም በዓይናችን ገምተን በማውስ ጎትተን ነበር የሣልነው። አንዱ ወደ ላይ አስጠጋው፣ ሌላው ወደ ታች ጎተተው፣ አንድ ወዳጄ ደግሞ ጭራሹኑ ረሳው። እጄን አንሥቼ «ይህ መስመር ከየት መጣ?» ብዬ ብጠይቅ «ለልምምድ ያህል ነው፤ በሥራ ላይ ከመስክ ይመጣል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከመስክ እንዴት እንደሚመጣ በአምስቱ ቀናት ውስጥ አንድም ሰዓት አልተመደበለትም። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዳችን ባለቀለም ሥዕል፣ ከሥዕሉም ሥር 1.5 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የደኅንነት መጠን ይዘን፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለን ወጣን። ሴፍቲ ፋክተር የምንለው ይህ ቁጥር አፈሩ ላለመንሸራተት ያለውን አቅም ወደ ታች ለሚጎትተው ኃይል በማካፈል የሚገኝ ነው። ከ1 በታች ከወረደ ተዳፋቱ ይሄዳል ማለት ነው፤ በቋሚ ስርገት ላይ ላለ የአፈር ግድብ በተለምዶ 1.5 ይጠየቃል።

ያ ሰማያዊ መስመር ምን ያህል እንደሚመዝን በእጅ ስሌት ማሳየት ይቻላል። መጣበቂያ ጉልበት የሌለው (ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የማይጣበቁ)፣ የሰበቃ አንግሉ (ቅንጣቶቹ በመፋተግ መንሸራተትን የሚቋቋሙበት መጠን) 30 ዲግሪ የሆነ አፈር በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ተኝቷል እንበል። ደረቅ ከሆነ የደኅንነት መጠኑ 1.59 ገደማ ነው፤ መሐንዲሱ ያለ ሥጋት ይፈርማል። ውሃ እስከ ገጹ ድረስ ሞልቶ ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ቢፈስ ግን ያው ቁጥር ወደ 0.77 ይወርዳል። አፈሩ አልተቀየረም፤ ተዳፋቱም ያው ነው። የተጨመረው ውሃ ብቻ ነው፤ እርሱም የአፈር ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚጫኑበትን ክብደት ስለሚሸከም ሰበቃውን ግማሽ ያህል ይወስደዋል። ይህን ስሌት ለመሥራት አንድ ወረቀትና የታንጀንት ሰንጠረዥ ይበቃል። በሥልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት ቢሠራ ኖሮ በቀሪዎቹ ቀናት ሰማያዊውን መስመር እንደ ጌጥ የሚጎትት ሰው አይኖርም ነበር።

ለንጽጽር ያህል፣ ሁለት ሙሉ ቀን የወሰደብን የተለያዩ የትንተና ዘዴዎችን ማወዳደር ነበር። ታሪካቸው ደስ የሚል ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. በስዊድን ጎተንበርግ የወደብ መድረክ ወደ ውሃው ሲንሸራተት መሐንዲሶቹ የተንሸራተተው አፈር የክብ ቅስት መልክ እንዳለው አስተዋሉ። ከዚያ ተነሥቶ ፌሌኒየስ አፈሩን እንደ ዳቦ ወደ ቋሚ ቁርጥራጮች ከፍሎ የሚያሰላውን ዘዴ አስፋፋ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ቢሾፕ አሻሻለው፤ ጃንቡ፣ በ1965 ሞርገንስተርንና ፕራይስ፣ በ1967 ስፔንሰር የየራሳቸውን ጨመሩበት። ይህን ማወቅ ለባለሙያ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከፌሌኒየስ ቀላል ዘዴ በስተቀር፣ በቢሾፕ፣ በሞርገንስተርን-ፕራይስና በስፔንሰር መካከል በተለመደ ተዳፋት ላይ የሚታየው ልዩነት በመቶ ጥቂት እጅ ነው። የውሃው ልዩነት እንዳየነው ግማሽ ነው። በመቶ ጥቂት እጅ ለሚሆነው ሁለት ቀን ሰጥቶ ለግማሹ የመስክ መለኪያ አንድም ሰዓት አለመስጠት ሚዛኑን የሳተ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

የአፈሩ ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። ከላይ ባነሣሁት ምሳሌ፣ የሚንሸራተተው አፈር 5 ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ሠልጣኙ ከመማሪያ መጽሐፍ አንሥቶ 10 ኪሎፓስካል የሚሆን የመጣበቂያ ጉልበት ቢጨምርበት፣ በውሃ የተሞላው ተዳፋት ከ0.77 ተነሥቶ ወደ 1.1 ገደማ ይወጣል። በቁልፍ ሰሌዳው ላይ 1 እና 0 በመንካት የሚናድ ተዳፋት ቆሞ ይውላል ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከየት አመጣኸው ብሎ አይጠይቅም። በሥልጠናው የተጠቀምንባቸው ቁጥሮች በሙሉ ከፕሮግራሙ ጋር ከመጣ ምሳሌ የተወሰዱ ነበሩ፤ ከሐረጎ ወይም ከጦሳ ግርጌ የመጣ አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አዳራሹ ውስጥ አልገባም።

እዚህ ላይ ራሴንም መውቀስ አለብኝ። በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ላቦራቶሪ የሸክላ አፈር ናሙና በሺር ቦክስ፣ ማለትም አፈሩን በጎን ገፍቶ በመቁረጥ ጥንካሬውን በሚለካ ሣጥን፣ ስንፈትን፣ ውሃው ከአፈሩ ቀዳዳ ቀስ ብሎ እንዲወጣ በጣም አዝጋሚ በሆነ ፍጥነት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ወስደን መቁረጥ ሲገባን፣ ኮንትራክተሩ ውጤቱን እየጠበቀ ነው በሚል በግማሽ ሰዓት የጨረስሁባቸው ጊዜያት ነበሩ። ቁጥሩ ወጣ፣ ማህተም ተመታበት፣ ዲዛይን ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ስሕተት መሆኑን በቅጡ አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ ሰው አልነበረምና። ዛሬም በየላቦራቶሪው የሚሠሩ ዲፕሎማ ያላቸው ቴክኒሻኖች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና አይጋበዙም፤ የሚጋበዙት ማስተርስ ያላቸው ናቸው። ቁጥሩን የሚወልደው ግን ቴክኒሻኑ ነው።

በተለይ ለእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቀድሞ አንድ ጊዜ የተንሸራተተ አፈር በተንሸራተተበት ገጽ ላይ ያለው ጥንካሬ ካልተነካው አፈር እጅግ ያነሰ ነው። ሸክላው በእንቅስቃሴው ብዛት ይለሰልሳል፣ ቅንጣቶቹም በአንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ። እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ስኬምፕተን ይህን በ1964 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ንግግር ግልጽ አድርገው ካሳዩ ስድሳ ዓመት አልፏል። ደሴ ዙሪያ ደግሞ አሮጌ ናዳ ያልወረደበት ተዳፋት ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የእኛ ሠልጣኝ አስቀድሞ መማር ያለበት ሜዳ ላይ ቆሞ አሮጌ ናዳን ከመልኩ መለየት ነው። ከላይ የማንኪያ ቅርጽ ያለው ጠርዝ፣ ከመካከል ጉብታና ረግረግ፣ ከታች ያበጠ ግርጌ። ይህን ለማሳየት ከኮምቦልቻ አዳራሽ ወጥቶ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ መጓዝ ብቻ ይበቃ ነበር።

የስርገቱ ትምህርት በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ታልፏል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያስፈልገናል የምለው እርሱን ነው። ፈረንሳዊው ዳርሲ በ1856 እ.ኤ.አ. የዲዦንን ከተማ የውሃ ጉዳይ ሲያጠና ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ በቀላል ሙከራ አገኘ። ሕጉ ቀላል ነው። የሚከብደው በሕጉ ውስጥ ያለውን አንድ ቁጥር፣ ማለትም አፈሩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙን፣ ማወቅ ነው። የሰበቃ አንግል ከአንዱ አፈር ወደ ሌላው ቢለያይ ከ10 እስከ 45 ዲግሪ ነው፤ ውሃ የማሳለፍ አቅም ግን በንጹሕ ጠጠርና በሸክላ መካከል አሥር ሚሊዮን ጊዜ ሊለያይ ይችላል። ላቦራቶሪ ውስጥ በአንድ ጣሳ ልክ በተፈተነ ናሙና ተማምኖ ስለ አንድ ተራራ መናገር አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጣሳው ውስጥ ያልገባች አንዲት ቀጭን የጠጠር ንጣፍ ወይም የአለት ስንጥቅ የተራራውን ውሃ ሁሉ ልትሸከም ትችላለች።

የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ከፕሮግራሙ የተሻለ ይለያል። ውሃው ሰረገ እንላለን፣ ግንቡ ያዣል እንላለን፣ ምንጭ መነጨ እንላለን። ሦስቱ ለመሐንዲስ ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች ናቸው፤ አንደኛው ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱን፣ ሁለተኛው በሰፊ ገጽ ላይ ቀስ ብሎ መውጣቱን፣ ሦስተኛው መንገድ አበጅቶ በአንድ ቦታ መፍለቁን ይነግሩታል። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው በግድብ ግርጌ በአንድ ቦታ የሚፈልቀው ነው፤ እርሱም ጥርት ያለ ከሆነ ይለካል፣ ይጠበቃል። ከደፈረሰ ግን ውሃው አፈሩን እየተሸከመ፣ ከግድቡ ውስጥ ቧንቧ እየቆፈረ ነው። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የነበረው የቴቶን ግድብ ከፍታው 93 ሜትር ገደማ ነበር። ጁን 5 ቀን 1976 እ.ኤ.አ.፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ፣ ጠዋት የደፈረሰ ስርገት ታየበት፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ፈረሰ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። ያን ግድብ የሠሩት ያልሠለጠኑ ሰዎች አልነበሩም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለመስኖ የተሠሩ በርካታ አነስተኛ ግድቦች ውሃቸውን በስርገት እንደሚያጡ በዘርፉ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ግርጌያቸውን በየቀኑ የሚያይ ዘበኛ ግን የጠራውን ከደፈረሰው ለይቶ ለማን መደወል እንዳለበት ያስተማረው የለም። የግድብ ውሃ በፍጥነት ሲለቀቅ የውስጠኛው ተዳፋት ስለሚደርስበት አደጋም መነሣት ነበረበት፤ አልተነሣም።

ከግድብ ይልቅ ለከተማ ነዋሪ የሚቀርበው የድጋፍ ግንብ ነው። ደሴ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ግንብ፣ ቀጥሎ የሚሠራው ቤት ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። በደንብ የተሠራ ግንብ ከጀርባው የጠጠር ማጣሪያ፣ በገጹም ላይ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባል። በምዘዋወርባቸው ሰፈሮች ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ የተደፈኑባቸውን ግንቦች አይቻለሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ባለቤቱ «ውሃው ግድግዳውን አቆሸሸብኝ» ይላል፤ ግንበኛውም «ባለቤቱ ደስ እንዲለው ነው» ይላል። ለ4 ሜትር ግንብ እንቁጠረው። ደረቅ የሆነ መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 5 ቶን ገደማ ይገፋል፤ ከጀርባው ውሃ እስከ አናቱ ከሞላ ግን ግፊቱ ከ10 ቶን በላይ ይሆናል። ባለቤቱ ግድግዳው እንዳይቆሽሽ ብሎ ሸክሙን እጥፍ አደረገው። ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ ቅርጫት ውስጥ የታጨቀ ድንጋይ፣ በድንጋዩ መካከል ውሃ ስለሚያሳልፍ በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ግን ሽቦው እየዛገ ድንጋዩም እየተመዘዘ ሲሄድ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎችና የግንበኛ አለቆች ከዚህ ሥልጠና ቢያንስ የአንድ ቀን ድርሻ ቢኖራቸው፣ የትንተና ዘዴ ሳይማሩ እንኳ፣ ብዙ ግንብ ይተርፋል። የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ሠራተኞችም እንዲሁ። በተዳፋት ላይ የሚያፈስ የመስመር ቧንቧና ወለል የሌለው የሽንት ቤት ጉድጓድ በበጋም ዝናብ ናቸውና።

የውሃው ጉዳይ በሰው ሕይወት የሚከፈልበት መሆኑን ማስታወስ ያሳዝናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ በወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲሯሯጡ ሁለተኛው የወረደባቸው ነበሩ። መስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ የወረደው ትልቅ ናዳ ደግሞ የደረሰው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ዝናብ ሲያባራ ሰው ይረጋጋል፤ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ግን ገና ከፍ እያለ ሊሆን ይችላል። እኛም ከዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነን። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ከኮምቦልቻ ሩቅ ስላልነበረ፣ ሥልጠናው የመንቀጥቀጥን ኃይል በስሌት ውስጥ የማስገባትን ዘዴ ቢጨምር አይበዛበትም።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው «ፕሮግራሙን ዓለም የሚጠቀምበት ነው፤ ወደ ወረቀትና እርሳስ ልትመልሰን ነው እንዴ?» ይሉኛል። ፕሮግራሙን አልጠላም። ውስብስብ የአፈር ንጣፍ ያለበትን ተዳፋት፣ ስርገቱንና መረጋጋቱን አያይዞ በየሳምንቱ ዝናብ ለመከታተል ያለ እርሱ አይሆንም። እኔ የምለው የሥልጠናው ቅደም ተከተል ይገልበጥ ነው። አምስቱ ቀናት በአንድ ጊዜ መሰጠታቸው ቀርቶ ለሁለት ይከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሜዳ ላይ ይሁኑ። ሠልጣኞች አሮጌ ናዳ ይለዩ፣ ናሙና ይውሰዱ፣ በእጅ ያስሉ፣ በመረጡትም ተዳፋት ላይ የውሃ መለኪያ ቱቦ ይትከሉ። ቱቦው የሚያስፈራ መሣሪያ አይደለም። ከታች በኩል በመጋዝ የተሰነጣጠቀ የፒቪሲ ቧንቧ፣ በዙሪያው ንጹሕ አሸዋ፣ ከላይ የዝናብ ውሃ እንዳይገባበት የሸክላ ጭቃ ድፍንና ክዳን ነው። በሰኔ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም በየሳምንቱ በሜትር ገመድ ጥልቀቱ ይለካ፤ የዝናቡም መጠን ከጎኑ ይመዝገብ። ቀሪዎቹ ሦስት ቀናት ጥቅምት ላይ ይሁኑና ያን ጊዜ ላፕቶፑ ይከፈት፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ተዳፋት፣ በራሱ ናሙና ቁጥርና በራሱ የውሃ መዝገብ ይተንትን። የምስክር ወረቀቱም ለዚህ ሥራ ይሰጥ እንጂ አምስት ቀን ወንበር ላይ ለመቀመጥ አይሁን። በጀቱ በሁለት የበጀት ዓመት ላይ ይወድቃል የሚለው ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ይህ የሒሳብ ክፍል ችግር ስለሆነ መፍትሔውም ከዚያው ይገኛል። ተራራው ሐምሌ 1 ቀን አዲስ በጀት አይጀምርም።

ቦታውን በተመለከተ ኮምቦልቻ የተመቸ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ስላለ ተማሪዎቹም ከሠልጣኞች ጋር ቱቦ ሊያነቡ ይችላሉ። ከተቋሙ በር ተነሥቶ ሐረጎ ላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን እንኳ አያስፈልግም። ሥልጠናው በአማርኛ ቢሰጥም እመርጣለሁ። ባለፈው ዓመት በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ከኋላ የተቀመጡ የመስክ ሰዎች፣ ከሁላችንም በላይ ተዳፋት ያዩት እነርሱ ሆነው ሳሉ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ወጡ። በሻይ እረፍት ላይ ግን አንደኛው ከሐረጎ በላይ ያለ አንድ ምንጭ ከሁለት ክረምት ወዲህ ቦታውን ወደ ታች መቀየሩን ነገረኝ። ያ ዜና አዳራሹ ውስጥ ከታዩት ባለቀለም ሥዕሎች ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ የሰማነው ግን እኔና ሻይ ቀጂዋ ብቻ ነን።

በመጨረሻ፣ የምለውን ራሴ ሳልሞክር እንዳልመጣሁ ለመግለጽ ያህል፣ ከሥልጠናው በተመለስሁ ሳምንት በግቢዬ የላይኛው ጥግ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ቱቦ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር አስቆፍሬ ተክያለሁ። ሰኔ 30 ቀን ውሃው ከመሬት ገጽ 4.2 ሜትር ታች ነበር፤ ነሐሴ 18 ቀን 1.3 ሜትር ላይ አገኘሁት። እነዚህን ሁለት ንባቦች ከላይ በጠቀስሁት ባለ 20 ዲግሪ ምሳሌ ውስጥ ብናስገባቸው፣ የደኅንነት መጠኑ በሰባት ሳምንት ውስጥ ከ1.46 ወደ 0.98 ወርዶ ይገኛል። የእኔ ግቢ ከዚያ የቀለለ ተዳፋት ስለሆነ ቤተሰቤ በሰላም አለ። ከነሐሴ በኋላ ውሃው እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ አልወረደም፤ ዝናቡ ግን ከጳጉሜን በፊት ነበር ያቆመው።

የንባብ ደብተሩ ከእኔ ዘንድ፣ የቱቦው ክዳን ቁልፍ ደግሞ ከጎረቤቴ ዘንድ ይገኛል። የቀጣዩ ሥልጠና አዘጋጆች የሠልጣኞቻቸውን የመጀመሪያ የመስክ ሰዓት እዚህ ግቢ ውስጥ ማሳለፍ ከፈለጉ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያስታውቁኝ በሩን እከፍታለሁ፤ ቡናም ይፈላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ
ደሴ